ጅማ ባለ የግል ቡና ማበጠሪያ 6 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ወደ ሌላ የግል ድርጅት ስቀይር የጡረታዬ ዓመት ከዜሮ ይጀምራል ወይ? (መልስ)

ከዜሮ አይጀምርም። ጅማ ቡና ማበጠሪያው ውስጥ የሠራኸው 6 ዓመት አዲሱ ድርጅት ከምትሠራው ጋር ይደመራል። ዋናው ነገር በቀድሞው የጡረታ መለያ ቁጥርህ መቀጠል ነው። ሌላ ቁጥር እናውጣልህ ካሉህ እንቢ በል፤ አገልግሎትህ ሁለት ቁጥር ላይ ይከፋፈላል።

60 ዓመት ሲሞላህ ቢያንስ 10 ዓመት ካገለገልክ፣ የመጨረሻዎቹን 3 ዓመታት አማካይ መደበኛ ደመወዝ 30 በመቶ ታገኛለህ። ከ10 በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። አማካዩ 8,000 ብር፣ አገልግሎቱ 25 ዓመት ቢሆን 48.75 በመቶ፣ በወር 3,900 ብር ማለት ነው። አበልና ትርፍ ሰዓት እዚህ ውስጥ አይገቡም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ከደመወዝህ 7 በመቶ መቆረጡ ገቢ መደረጉን አያረጋግጥም። ከ8,000 ብር ላይ ያንተ 560፣ የአሠሪው 11 በመቶ 880፣ በድምሩ 1,440 ብር በየወሩ መግባት አለበት። ስለዚህ ከቀድሞው ድርጅት፦

1. የተቀጠርክበትና የለቀቅክበት ቀን ከነደመወዙ የተጻፈበት የሥራ ልምድ፣
2. ስምህ ያለበትን የጡረታ መዋጮ ማሳወቂያ (አሠሪው የሠራተኞቹን ደመወዝና መዋጮ የሚያስመዘግብበት ቅጽ) ከነደረሰኙ ኮፒ ጠይቅ።

ማሳወቂያው ላይ ያለው ደመወዝ ፈርመህ ከምትቀበለው ጋር እኩል መሆኑን እይ። 8,000 እየከፈሉ 3,000 የሚያስመዘግቡ አሉ፤ ጡረታህ የሚሰላው በተመዘገበው ነው። የሒሳብ ሠራተኛው ሳይቀየር በዚህ ሳምንት ሂድ።