የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስማርት ግሪድ ሲዘረጋ የማን ሥራ የት ያበቃል?

በዚህ እትም ከጎንደር ከተማ ለደረሱን አምስት ጥያቄዎች መልስ እንሰጣለን። ሁሉም ስለ ስማርት ግሪድ ናቸው፤ ቆጣሪው፣ የምሰሶው ማብሪያ ማጥፊያና የማከፋፈያ ጣቢያው በመረጃ መስመር ተያይዘው ከአንድ ማዕከል ስለሚታዩበትና ስለሚታዘዙበት የኤሌክትሪክ መረብ።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ የምኖረው አዘዞ ነው። ስለ ስማርት ግሪድ መሣሪያዎች ብዙ ተምረናል። ማን ይጭናል፣ ማን ያስተዳድራል፣ ሲበላሽ ማን ይጠየቃል የሚለው ግን አልተብራራልኝም። በአገራችን ሥራው እንዴት ነው የተከፋፈለው?

መልስ፦ የቀድሞው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ከተከፈለ ወዲህ ማመንጨትና ማስተላለፍ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ስርጭትና ሽያጭ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ድርሻ ነው። ሕዝቡ ሁለቱንም «መብራት ኃይል» ይላቸዋል። ከባሕር ዳር ተነስቶ በጎንደርና በመተማ አልፎ ሱዳን ገዳሪፍ ከሚደርሰው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር በአገራችን ክልል ያለው የመጀመሪያው ተቋም ነው። በየሰፈሩ ምሰሶ ላይ የሚሄደው የ15 ወይም የ33 ኪሎ ቮልት መስመር፣ ትራንስፎርመሩና የቤትዎ ቆጣሪ ደግሞ የሁለተኛው ነው። ፖሊሲው የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር፣ ቁጥጥሩ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን፣ የሳይበር ጥበቃው የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ጉዳይ ነው።

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ሁለቱ ተቋማት በሚገናኙበት ቦታ ማለትም ከማከፋፈያ ጣቢያው ወደ ሰፈር የሚወጣውን መስመር (ፊደሩን) በሚያበራና በሚያጠፋው የፊደር ብሬከር ላይ ነው። ብሬከሩ ያለው ጣቢያው ውስጥ ነው፤ ሲከፈት የሚጨልምበት ግን የስርጭቱ ደንበኛ ነው። ስለዚህ አንድም ገመድ ሳይዘረጋ ሁለቱ ወገኖች የሲግናል ዝርዝር ላይ፣ ማለትም በመሣሪያውና በማዕከሉ መካከል በሚሄዱት መልእክቶችና ትእዛዞች ዝርዝር ላይ መፈራረም አለባቸው። የእያንዳንዱ ሲግናል ስምና አድራሻ፣ ማን እንደሚያየውና ማን ማዘዝ እንደሚችል እዚያ ይጻፋል። የብሬከር ሁኔታ በአንድ ቢት (0 ወይም 1 ብቻ በሚሆን ምልክት) ሳይሆን በሁለት ቢት ይላክ። አይኢሲ 60870-5-104 በሚባለው የመረጃ መላላኪያ ደንብ 1 ክፍት (ኃይል የተቋረጠበት)፣ 2 ዝግ (ኃይል የሚያልፍበት) ማለት ነው፤ 0 ወይም 3 ከመጣ ብሬከሩ መሃል ላይ ቀርቷል ወይም የሲግናል ገመዱ ችግር አለበት። በአንድ ቢት ቢላክ ኖሮ የተበጠሰ ገመድ «ብሬከሩ ክፍት ነው» ተብሎ ሊነበብ ይችላል፤ ይህ ሰው የሚገድል ስህተት ነው።

የአቅራቢው ሥራ ሁለት ጊዜ ይፈተሻል፦ አንዴ ዕቃው ከፋብሪካ ሳይወጣ፣ አንዴ ቦታው ላይ ከተተከለ በኋላ። በሁለተኛው ፍተሻ አንድ ሰው ብሬከሩ ዘንድ ቆሞ በእጁ ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ሌላው ማዕከሉ ስክሪን ላይ ያየውን በስልክ ያነብለታል። አሥሩ ሠርተዋልና የቀሩትም ይሠራሉ ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ እያንዳንዱ ሲግናል መፈተሽ አለበት።

በርክክብ ጊዜ ሦስት ነገሮች ባለቤት ያጣሉ። አንደኛው የቆጣሪዎቹ የምስጢር ቁልፍ፣ ማለትም መረጃቸውን የሚከፍተው ኮድ ነው። አቅራቢው ይዞት ከሄደ ተቋሙ የገዛ ቆጣሪውን ለማንበብ እንኳ የሌላ ፈቃድ ጠባቂ ይሆናል። ሁለተኛው መሣሪያው በሞባይል መረብ የሚገናኝበት ሲም ካርድ ነው፤ በማን ስም ወጣ? ክፍያውንስ በየትኛው የሥራ ክፍል በጀት ይከፍሉታል? ሦስተኛው የምሰሶው ሳጥን ውስጥ ያለው ባትሪ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው 24 ቮልት ይሰጣሉ። መብራት በጠፋ ሰዓት መገናኛውንና ማብሪያ ማጥፊያውን የሚያሠራው ይህ ባትሪ ነው፤ ደግሞም ሳይታወቅ ይሞታል፣ ምክንያቱም መብራት እስካለ ድረስ ቻርጀሩ ድክመቱን ይሸፍንለታል። የአካባቢው ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር የእርሳስ ባትሪ ዕድሜ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ለጎንደር ወይና ደጋ የተያዘ የመቀየሪያ ጊዜ ለመተማ ቆላ አይሆንም።

ከፍታም እንዲሁ ነው። ብዙ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚነደፈው ከባሕር ወለል እስከ 1,000 ሜትር ላለ ከፍታ ሲሆን ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ኤሌክትሪኩ በቀላሉ ይዘልላል፣ ሙቀትም በቀላሉ አይወጣም። ይህን በጨረታ ሰነዱ ላይ መጻፍ የገዢው ኃላፊነት ነው። ያልተጻፈን ነገር ከአቅራቢው መጠየቅ ያስቸግራል።

ጥያቄ፦ ማራኪ ውስጥ የብረታ ብረት ሥራ ቤት አለኝ። ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪዬ በስማርት ቆጣሪ ከተቀየረ በኋላ ሒሳቡ ወደ ሲሶ ወረደ። ቆይቶ ተደምሮ እንዳይመጣብኝ ሰግቻለሁ። ስህተቱ የማን ነው? በምንስ ላረጋግጥ?

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ «ሲሶ» ማለትዎ ራሱ ምክንያቱን ይጠቁማል። ብዙ ኃይል የሚወስድ ደንበኛ ቆጣሪ ጅረቱን በቀጥታ አይለካም፤ ሲቲ በሚባለው የጅረት ትራንስፎርመር አሳንሶ ነው የሚለካው። 200/5 የተጻፈበት ሲቲ 200 አምፔሩን ወደ 5 አምፔር ያወርዳል፤ ስለዚህ ቆጣሪው የለካው በ40 ይባዛል። ከሦስቱ ሲቲዎች የአንዱ ኤስ1 እና ኤስ2 ጫፎች ተቀያይረው ከታሰሩ የዚያ ፌዝ ፍጆታ በመደመር ፈንታ ይቀነሳል። አንድ ሲደመር አንድ ሲቀነስ አንድ፣ ከሦስት እጁ አንዱ ብቻ ይቀራል። ሒሳቡ ወደ ሁለት ሦስተኛ ወርዶ ቢሆን የምንጠረጥረው ከቆጣሪው የተላቀቀ የአንድ ፌዝ የቮልቴጅ ገመድ ነበር። ልክ ግማሽ ሆኖ ቢሆን ደግሞ 200/5 የሆነውን ሲቲ ሲስተሙ ውስጥ 100/5 ብለው መዝግበውት ይሆናል።

ሳጥኑን ሳይነኩ እንዲህ ያረጋግጡ። ጭነቱ የማይዋዥቅ ባለ ሦስት ፌዝ ማሽን ብቻ ያሠሩ፤ ብየዳ ለዚህ አይሆንም። የብቃት ማረጋገጫ ያለው ኤሌክትሪሺያን ከእርስዎ ብሬከር በኋላ ባለው ገመድ ላይ ገመዱን አቅፎ ጅረት በሚለካው ክላምፕ ሜትር ይለካ። በየፌዙ 36 አምፔር ቢያገኝ፣ በ380 ቮልትና በ0.85 ፓወር ፋክተር (ከሚሄደው ኃይል ሥራ ላይ የሚውለው ድርሻ) ወደ 20 ኪሎ ዋት ይሆናል። ቀጥሎ ቆጣሪው ላይ ብልጭ የምትለውን ትንሽ መብራት በሰዓት ይያዟት። አጠገቧ በኪሎ ዋት ሰዓት 5,000 ብልጭታ ተብሎ ከተጻፈና ሲቲው 200/5 ከሆነ በዚሁ 20 ኪሎ ዋት ጭነት 10 ብልጭታ 14 ሰከንድ ገደማ መውሰድ አለበት። 43 ሰከንድ ከወሰደ አንዱ ሲቲ ተገልብጧል።

አስተሳሰሩ የገጣሚው፣ ፈትሾ መፈረሙ የርክክብ ባለሙያው፣ የሲቲውን ቁጥር ሲስተም ውስጥ ማስገባቱ የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊነት ነው። የእርስዎ ድርሻ ሳይዘገዩ በጽሑፍ ማሳወቅና ደብዳቤው የገባበትን ቀን የያዘ ቅጂ ማስቀመጥ ነው። ገመዱን ራስዎ ለማስተካከል ፈጽሞ እንዳይሞክሩ። ጅረት እያለፈ የሲቲ ገመድ ከተፈታ ጫፉ ላይ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ሊፈጠር ይችላል።

ጥያቄ፦ በስርጭት ሥራ ላይ ያለሁ ቴክኒሻን ነኝ። የአንድ ትራንስፎርመር ቆጣሪና የደንበኞቹ ቆጣሪዎች ድምር አልገጥም እያለን ተቸገርን። ልዩነቱ ሁሉ ስርቆት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ስርቆትን መጨረሻ ላይ ይፈልጉት። ለምሳሌ የትራንስፎርመሩ ቆጣሪ በወር 42,000፣ የደንበኞቹ ድምር 35,700 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢሆን ልዩነቱ 15 በመቶ ነው። መጀመሪያ የሚጠረጠረው የደንበኛ ምዝገባ ነው። ጭነት ለማቃለል አሥር ቤት ወደ ጎረቤት ትራንስፎርመር ሲዞር መዝገቡ አብሮ ካልዞረ አንዱ ትራንስፎርመር ላይ ስርቆት፣ ሌላው ላይ ትርፍ ይታያል። የደንበኞቹ ድምር ከትራንስፎርመሩ ከበለጠ ምዝገባው መሳሳቱን ብዙም አይጠራጠሩ። ገመዱን ያዞረው ቡድን የቆጣሪ ቁጥሮቹን፣ ፌዙንና የትራንስፎርመሩን መለያ በዚያው ቀን ለመረጃ ክፍሉ ማስረከብ አለበት። በስማርት ግሪድ ሥራ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የተናቀ፣ ከዚህ የበለጠም የሚጎዳ ሥራ የለም።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ሰዓትና ቀን ነው። የመስክ መዝገብ «ከምሽቱ 1 ሰዓት» ሲል ሲስተሙ 19 ሰዓት ይላል። የሁለቱ አቆጣጠር የስድስት ሰዓት ልዩነት ካልታሰበ መብራት የተቋረጠበት ጊዜ ሌላ ቦታ ይወድቃል። የደንበኞቹ ሒሳብ በእኛ ወር፣ የትራንስፎርመሩ ንባብ በፈረንጆቹ ወር ከተዘጋ ደግሞ የሚነጻጸሩት የተለያዩ ቀናት ናቸው፤ ጳጉሜ ስትመጣ ይብሳል። ሁሉንም በአንድ ቀን፣ እኩለ ሌሊት ላይ ይዝጉ። ከዚያ የትራንስፎርመሩን ሲቲ ይፈትሹ፤ ቤት ለቤት የሚኬደው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ አራዳ ነው የምኖረው። ስማርት ቆጣሪ ቤት ውስጥ የምሠራውን ያያል?

መልስ፦ የሚሠሩትን አያይም፤ ኃይል የወሰዱበትን ሰዓት ግን ይመዘግባል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል፣ ማለትም 16 አምፔር ስለሚወስድ በየ30 ደቂቃው በሚመዘገብ ንባብ ላይ እንጀራ የጋገሩበት ቀን በግልጽ ይታያል። ቤቱ ባዶ የሆነባቸው ቀናትም እንዲሁ። ስለዚህ መረጃው የግል ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ የሚሰበስብ ተቋም ላይ ግዴታ ይጥላል። ለሒሳብ ከሚያስፈልገው ሠራተኛ በቀር ማንም ዝርዝሩን ማየት የለበትም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ የመስመር ሠራተኛ ነው። አሁን በራሳቸው የሚዘጉ፣ ማለትም ኃይሉን መልሰው የሚለቁ ማብሪያ ማጥፊያዎች ምሰሶ ላይ እየተተከሉ ነው ይላል። እሱ ምሰሶ ላይ እያለ ከማዕከል ቢዘጉበትስ? ከፒያሳ።

መልስ፦ መሣሪያው ሪክሎዘር ይባላል። በአየር ላይ መስመር የሚደርሰው አብዛኛው ብልሽት ቅርንጫፍ፣ ወፍ ወይም መብረቅ የፈጠረው አላፊ ነገር ስለሆነ ከፍቶ፣ ጥቂት ቆይቶ ራሱ ይዘጋል። ብዙ ጊዜ እስከ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ካልተሳካ ተቆልፎ ይቀራል። ለሰፈሩ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ምሰሶ ላይ ላለ ሰው ግን አደጋ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይዘለልም።

የማዕከሉ ተረኛ በራሱ የመዝጋቱን አሠራር ያጠፋል። ቦታው ላይ ያለው ሠራተኛ ሪክሎዘሩን ከርቀት ትእዛዝ ወደ ቦታ ትእዛዝ ያዞረዋል፤ ከዚያ መስመሩ መለየቱ በዓይን የሚታይበት ማቋረጫ ይከፈታል፣ እንደተከፈተ በቁልፍ ይቆለፋል። ቁልፉን መስመሩ ላይ የሚወጣው ቡድን ኃላፊ ኪሱ ውስጥ ይይዘዋል። ስክሪኑ «ክፍት» ስላለ ብቻ ማንም አይወጣም። መስመሩ መሞቱ በመሞከሪያ ይረጋገጣል፤ መሞከሪያውም በፊትና በኋላ መሥራቱ ይታያል። ቀጥሎ በሥራው ቦታ ግራና ቀኝ መስመሩ ከመሬት ይያያዛል። ሥራው ሲያልቅ ፈቃዱን የሚመልሰው የወሰደው ሰው ራሱ ነው፤ «ወርደዋል መሰለኝ» የሚል ስልክ አይበቃም። የታቀደ መቋረጥም በከተራና በጥምቀት፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ በሚወርዱበት ሰሞን ባይያዝ ይመረጣል። ችኮላ ያለበት ቀን ለዚህ ሥራ አይመችም።

ግራና ቀኝ ከመሬት ማያያዝ ያስፈለገው ኃይል ከደንበኛው በኩልም ሊመጣ ስለሚችል ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የሚያስነሳ ሱቅ ወይም ሆቴል ከመስመሩ የሚለየው ቸንጅኦቨር ስዊች ከሌለው 220 ቮልቱ በትራንስፎርመሩ ወደ ኋላ ሄዶ ምሰሶው ላይ 15,000 ቮልት ይሆናል። ፒያሳ አካባቢ ጄኔሬተር ያለው የሚያውቁት ሰው ካለ ስዊቹን አስገጥሞ እንደሆነ ዛሬውኑ ይጠይቁልን።