«ተቃውሞ» ብላችሁ ሰሌዳ ላይ አትጻፉ

ይድረስ ማስተማር ለጀመራችሁ ወጣቶች፣

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ አንድ ዓመት አለፈኝ። ሰሞኑን አንዲት የድሮ ተማሪዬ ደወለችልኝ። እሷም ዛሬ መምህርት ናት። «ቲቸር፣ ስለ ተቃውሞና ስለ ማኅበራዊ ለውጥ በግጥምና በዘፈን አስተምሪ ተብዬ ጨንቆኛል፤ ከየት ልጀምር?» አለችኝ። በስልክ የመለስኩላት አጭር ነገር ነበር። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ብዙ ነገር ትዝ አለኝ። ለእሷም ለእናንተም ይሁን ብዬ ጻፍኩት።

ከራሴ ጥፋት ልነሳ። ገና ጀማሪ ሳለሁ ይህንኑ ርዕስ ላስተምር ክፍል ገባሁ። ሰሌዳው ላይ በትልቁ «ተቃውሞ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ትርጉሙን፣ ዓይነቱን፣ ዓላማውን ደረደርኩ። ሃያ አምስት ደቂቃ አወራሁ። ከዚያ ቴፑን ከፈትኩላቸው። ዘፈኑ ሲያልቅ «ምን ተሰማችሁ?» አልኩ። ፊት የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣና «ዘፈኑ ጭቆናን ይቃወማል» አለ። ልክ ነው። እኔው ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን ነው ያነበበልኝ። ከኋላ ደግሞ አንዱ «ቲቸር፣ ፈተና ላይ ይመጣል?» አለኝ። አልፈረድኩበትም። መልሱን አስቀድሜ ሰጥቼው ምን ብሎ ይስማ?

ከዚያ በኋላ ነገሩን ገለበጥኩት። መጀመሪያ ግጥሙ፣ ወሬው በኋላ።

በብዛት የምይዘው አንድ አሥራ ሁለት ስንኝ ያለው ግጥም ነበር። ተርጉሜ፣ ርዕሱንም የገጣሚውንም ስም አውጥቼ አድላቸዋለሁ። ስለ ዛፍና ስለ ፍሬ ያወራል። የምጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፍሬው ምንድን ነው? አንዱ ኮክ ነው ይላል። ሌላው የበሰበሰ ፍሬ ነው ይላል። ግጥሙ መሃል ላይ ደስ የሚል የአበባ ሽታ አለ። ወዲያው ደግሞ የሚቃጠል ሥጋ ሽታ ይመጣል። አንድ ዓመት አንዲት ልጅ እዚያ ጋ ስትደርስ ወረቀቱን ዴስኩ ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠችው። «ቲቸር፣ ፍሬው ሰው ነው እንዴ?» አለች። ያ ሁልጊዜ የሚንጫጫ ክፍል ጭጭ አለ። ሰሙን ይዘው ሲሄዱ ወርቁ ላይ ወደቁ። እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም።

ታሪኩን የምነግራቸው ከዚህ በኋላ ነው። ገጣሚው አቤል ሚሮፖል ይባላል። እንደ እናንተው መምህር ነበር፤ ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተምራል። ነጮች ጥቁሮችን ዛፍ ላይ ሰቅለው የተነሱትን ፎቶግራፍ አይቶ እንቅልፍ አጣ። ግጥሙ እ.ኤ.አ. በ1937 መጀመሪያ የወጣው በመምህራን ማኅበር መጽሔት ላይ ነው። ዜማውንም ራሱ ሠራለት። በ1939 ቢሊ ሆሊዴይ የምትባል ጥቁር የጃዝ ዘፋኝ «እንግዳ ፍሬ» ብላ በምሽት ክበብ ዘፈነችው። ስትዘፍነው አስተናጋጆቹ መጠጥ ማቅረብ ያቆማሉ። መብራት ይጠፋል። ፊቷ ላይ ብቻ አንዲት ብርሃን ትቀራለች። ሲያልቅ ይድገም ቢሉም አይደገምም። የምትሠራለት ትልቁ የሸክላ ኩባንያ አላስቀርጽም ሲላት ወደ ትንሽ ኩባንያ ሄዳ ነው ያስቀረጸችው። ሚሮፖልም ኋላ በመርማሪዎች ተጠርቶ «ይህን ግጥም ኮሚኒስት ፓርቲ ከፍሎህ ነው የጻፍከው?» ተብሎ ተጠየቀ።

በመጨረሻዎቹ የማስተማር ጊዜዎቼ አንድ ጨዋታ ጨመርኩ። «ሊንቺንግ የሚባለውን ይህን ግድያ በስሙ ጠርቶ በፌዴራል ደረጃ ወንጀል ያደረገው የአሜሪካ ሕግ መቼ የወጣ ይመስላችኋል?» እላለሁ። አንዱ 1940 ይላል። ሌላው 1950። ጎበዝ ነኝ ያለው 1964 ይላል። መልሱ 2022 ነው። ዘፈኑ ከተቀረጸ 83 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ያኔ ክፍሉ ይናጋል። «ታዲያ ዘፈኑ ምን ፈየደ?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። አደራ፣ ይህን ጥያቄ ቶሎ መልሳችሁ አትግደሉት። ይከራከሩበት። ደወል ተደውሎም እየተከራከሩ ቢወጡ የዕለቱ ትምህርት ተሳክቷል።

ይህን የምላችሁ ምክንያት አለኝ። ብዙ መምህር ዘፈንን እንደ አስማት ያቀርበዋል። ተዘፈነ፣ ለውጥ መጣ፣ አለቀ። እንደዚያ አይደለም። ሌላው የምወደው ምሳሌ «እናሸንፋለን» የሚለው የአሜሪካ የመብት ትግል መዝሙር ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 መገባደጃ ላይ ቻርለስተን ከተማ የትምባሆ ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። አብዛኞቹ ጥቁር ሴቶች ነበሩ። ፋብሪካው በር ላይ በብርድ ቆመው ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቁትን መዝሙር ዘመሩ። መዝሙሩ «አሸንፋለሁ» ይል ነበር። እነሱ «እናሸንፋለን» አሉት። ከእነሱ ቴነሲ ወደሚገኘው ሃይላንደር ወደሚባል የታጋዮች ማሠልጠኛ ገባ፤ ከዚያ በ1960 ለተማሪዎቹ ንቅናቄ ደረሰ።

ልጆቹ ሁለቱንም ጮክ ብለው እንዲዘምሩት አድርጉ። «አሸንፋለሁ» የሚለውን አንዱ ብቻውን ይበለው። «እናሸንፋለን» የሚለውን ክፍሉ በሙሉ ይበለው። የመጀመሪያው ልጅ ያፍራል፤ ድምፁ ይሰበራል። ሁለተኛው ላይ ያው ልጅ ከሁሉም በላይ ይጮሃል። ሰዋስው አስተማሪዎች፣ ስለ ግስ ባለቤት ከዚህ የተሻለ ትምህርት ካላችሁ ንገሩኝ።

ግን እዚያ ላይ አታቁሙ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን እ.ኤ.አ. መጋቢት 15 ቀን 1965 ኮንግረሱ ፊት ያንኑ «እናሸንፋለን» የሚለውን ቃል ተናገሩ። የመምረጥ መብት ሕጉም በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ተፈረመ። ንግግሩ ከመደረጉ ስምንት ቀን በፊት ግን አላባማ ውስጥ ሰልማ በምትባል ከተማ ድልድይ ላይ ይህንኑ መብት የጠየቁ ሰልፈኞች በፖሊስ ዱላ ተደብድበዋል። ይህን ሳይነግሩ መዝሙሩን ብቻ ማስተማር ልጆቹን መሸንገል ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙዎቻችሁ ትዘሉታላችሁ። ዜማ ወገን አይመርጥም። ሩዋንዳ ውስጥ ሲሞን ቢኪንዲ የሚባል በጣም የታወቀ ዘፋኝ ነበር። ዘፈኖቹ በ1994ቱ እልቂት ጊዜ ጥላቻ ይነዛ በነበረው ሬዲዮ ይለቀቁ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 የ15 ዓመት እስራት ፈረደበት። የተፈረደበት በዘፈኖቹ ሳይሆን መንገድ ላይ በድምፅ ማጉያ ግደሉ ብሎ በመቀስቀሱ ነው። ይህንን ልዩነት ለትልልቆቹ ተማሪዎች አቅርቡላቸው። ዘፋኝ ለዘፈኑ እስከ ምን ድረስ ይጠየቃል? እኔ ራሴ እስከዛሬ አቋሜ ይዋልላል።

የማስጻፉ ነገር ላይ ደግሞ አንድ ሕግ ነበረኝ። «ነፃነት»፣ «ፍትሕ»፣ «ጭቆና»፣ «ጨለማ» እና «ብርሃን» የተከለከሉ ቃላት ናቸው። መጀመሪያ ያጉረመርማሉ። ከዚያ ዓይናቸው ያየውን መጻፍ ይጀምራሉ።

አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ስለ ትምህርት ቤቱ የሴቶች ሽንት ቤት ጻፈች። በሩ መወርወሪያ የለውም። አንዷ ስትገባ ጓደኛዋ ከውጭ በጀርባዋ ተደግፋ ትይዝላታለች። ግጥሙ የበር ያዧ ነው። የጓደኛዋን ቦርሳ አንግታ፣ የሚያልፉ ወንዶች እየሳቁባት፣ ሰማይ ሰማይ እያየች ትቆማለች። ስምንት መስመር ነው። አንድም ትልቅ ቃል የለበትም።

በጣም ደስ አለኝ። ደስታዬ ነው ያሳሳተኝ። በማግስቱ ጠዋት፣ ሳላስፈቅዳት፣ ስሟን ጠርቼ ሰልፍ ላይ አነበብኩት። ወንዶቹ ሳቁ። ዳይሬክተሩ ቢሮ አስጠራት። «የትምህርት ቤቱን ስም አጠፋሽ፤ ወላጅ አምጪ» ተባለች። እኔ እዚያው ግቢ ነበርኩ። ገብቼ «ጻፊ ያልኳት እኔ ነኝ፤ ያነበብኩትም እኔ ነኝ» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ደብተር ሳርም ዋልኩ።

ስለዚህ የተማሪ ግጥም ከእጃችሁ ከመውጣቱ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። እሺ ካለም ስሙ ይነገር አይነገር እሱ ይወስን። ቢሮ ከተጠራ ቀድማችሁት ግቡ።

ከሁለት ወር በኋላ በሩ መወርወሪያ ተገጠመለት። ግጥሙን ማንም አላነሳም። ልጅቷም እስክትጨርስ ድረስ ሌላ ግጥም አልሰጠችኝም። የቤት ሥራ ስሰጥ ድርሰት ትጽፍልኝ ነበር። በንጹሕ እጅ ጽሑፍ፣ ነጥብ የማይቀነስበት፣ ስለ ዛፍ ተከላ ጥቅም።