ሁለት ኢንተርቪው ብቻ ለደረሰሽ እህቴ

«ሐዋሳ ነው ያለሁት። ለአሜሪካ ሬዚደንሲ (ሐኪሞች ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑበት) በኢንተርናል ሜዲስን (የውስጥ ደዌ ሕክምና) አመልክቼ እስካሁን የመጣልኝ ሁለት ኢንተርቪው ብቻ ነው። እንዴት ልዘጋጅ? ልልፋበት ወይስ ይቅርብኝ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ልፊበት እህቴ። እኔም እዚያው ሐዋሳ ሆኜ በሦስት ኢንተርቪው ነው ያለፍኩት። ሬንክ የምታደርጊው፣ ማለትም በምርጫሽ ቅደም ተከተል የምታስገቢው ፕሮግራም ሲበዛ ዕድልሽ እንደሚሰፋ አልደብቅሽም። ግን ሁለቱ ፕሮግራሞች ውጤትሽን አይተው ነው የጠሩሽ። አሁን ማወቅ የሚፈልጉት አንቺን ነው።

እኔን የጎዳኝ እንግሊዝኛዬ አልነበረም። ራሴን መደበቄ ነው። የመጀመሪያው ኢንተርቪው ላይ ዳይሬክተሯ «የምትኮራበትን አንድ ሥራ ንገረኝ» አሉኝ። «በክፍላችን የልብ ሕሙማን ክትትል ተሻሽሏል» ብዬ መለስኩ። ማን አሻሻለው? አልተናገርኩም። ነገሩ እንዲህ ነበር። የሩማቲክ የልብ ሕመም ያለባቸው ልጆች በየወሩ መወጋት ያለባቸውን ቤንዛቲን ፔኒሲሊን እያቋረጡ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ይመለሱ ነበር። አንድ ደብተር ገዛሁና የወላጆቻቸውን ስልክ ጻፍኩ። ቀኑ ላለፈበት ልጅ ማታ ማታ እደውል ነበር። አንዲት እናት ከገጠር መምጫ የትራንስፖርት ብር አጥታ እንደቀረች የሰማሁት በዚያ ስልክ ነው። ልጇ ቅርቧ ባለ ጤና ጣቢያ እንዲወጋ ደብዳቤ ጻፍኩላት። ይህን ሁሉ «ተሻሽሏል» በሚል አንድ ቃል ቀበርኩት።

አስተዳደጋችን ነው። ስለራስ ማውራት ጉራ ይመስለናል። ትልቅ ሰውን ዓይን ዓይኑን ማየትም ድፍረት ነው። እነሱ ግን የሠራሽውን ካልነገርሽ ያልሠራሽ ነው የሚመስላቸው። ስለዚህ አምስት ስድስት ታሪክ ከራስሽ ሕይወት ምረጪ። የተሳሳትሽበት፣ ከባልደረባ ጋር ያልተስማማሽበት፣ ዛሬም ከልብሽ ያልወጣ ታካሚ። ስም አትጥሪ። ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ በ«እኔ» ተናገሪ፤ ሌላው የሠራውንም ለይተሽ ስጪው። ከዚያ፣ ኢንተርቪው የሚደረገው በቪዲዮ ስለሆነ፣ ራስሽን በስልክ ቅረጪና እዪው። እኔ ሳየው አንገቴን ደፍቼ ነበር የማወራው፤ ካሜራውን ማየት የለመድኩት ከስንት ልምምድ በኋላ ነው። ከተመረቅሽ ቆይተሽ ከሆነ ያ ጊዜ በምን እንዳለፈም ይጠይቁሻል። ቀጥ አድርገሽ መልሺ፣ ይቅርታ አትጠይቂበት።

ሁለት ብቻ መሆናቸው የሚጠቅምሽ ፕሮግራሙን በማወቅ ላይ ነው። ሃያ ያለው ሰው አንቺ የምታነቢውን ያህል ሊያነብ አይችልም። የሚያክሟቸው ሰዎች እነማን ናቸው? ተመራቂዎቻቸው የት ገቡ? «ለምን እኛን?» ሲሉሽ ለሌላ ሆስፒታል ሊሆን የማይችል መልስ ይኑርሽ።

ሰዓቱን አደራ። ኦክቶበር ላይ ከኒውዮርክ ጋር ያለን ልዩነት ሰባት ሰዓት ነው፤ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ስምንት ይሆናል። ከዚያ ወዲህ የእነሱ ጠዋት 8 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ከሰዓት 10 ሰዓት ነው፤ ለቺካጎ 11 ሰዓት። እኔ ይህን ረስቼ አንዴ ልቤ ሊቆም ነበር። በዚያ ሰዓት ደግሞ መብራት ሊሄድ ይችላል። ለቀኑ ጄኔሬተር ያለው ሆቴል ያዢ፣ ስልክሽ ላይም ዳታ ሙዪ።

ሬንክ ስታደርጊ የበለጠ የወደድሽውን አስቀድሚ። አመልካችንና ፕሮግራምን የሚያገናኘው ሲስተም የሚጀምረው ከአመልካቹ ምርጫ ስለሆነ፣ ይወስደኛል ብለሽ ያሰብሽውን ማስቀደም ምንም አይጠቅምሽም። ሁለቱንም አስገቢ፤ ጨርሶ የማትሄጂበት ካልሆነ በቀር፣ ምክንያቱም ማች ካደረግሽ፣ ማለትም ሲስተሙ ከአንዱ ጋር ካገናኘሽ፣ መሄድ ግዴታ ነው። ማች ማድረግሽን በማርች፣ በማች ሳምንት ሰኞ ታውቂያለሽ፤ ካልሆነ በዚያው ሳምንት ሶፕ (ሳይያዙ ለቀሩ ቦታዎች የሚመለከትበት ሂደት) አለ። የኢሲኤፍኤምጂ (ከአሜሪካ ውጭ የተማሩ ሐኪሞችን ብቃት የሚያረጋግጠው ድርጅት) ሰርተፊኬትሽ በጊዜው እንዲደርስልሽ ከአሁኑ ተከታተዪው።

የፊታችን እሑድ ዲዩቲ የለኝም። በእናንተ ማታ 2 ሰዓት በቴሌግራም እደውልልሽና እንደ ጠያቂ ሆኜ አለማምድሻለሁ። እስከዚያ አንዱን ታሪክሽን በ«እኔ» ጽፈሽ ጠብቂኝ።