የሐዋሳ ትንንሽ ወፎች፦ ጠየቃችሁ፣ መለስኩ

ሐይቅ ዳር ያነሳኋቸውን ወፎች አይታችሁ ብዙ ጠይቃችሁኛል። የምችለውን ያህል ልመልስ።

ጥያቄ፦ ግቢያችን አበባ ላይ የምትመጣው ቀጭን ምንቃር ያላት ወፍ ሀሚንግበርድ ናት?

አይደለችም። ሀሚንግበርድ ያለው በአሜሪካ አህጉራት ብቻ ነው። የእኛዋ ሰንበርድ ትባላለች። እሷም የአበባ ወለላ ትጠጣለች፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቅርንጫፍ ላይ ቆማ ነው። ለፎቶ ይሄ ትልቅ ዕድል ነው።

ጥያቄ፦ በዓይኔ አረንጓዴ ስታብረቀርቅ አይቻት፣ ፎቶው ላይ ጥቁር ሆነችብኝ። ካሜራዬ ተበላሽቶ ይሆን?

ካሜራህ ደህና ነው። ያ አረንጓዴ እንደ ቀለም የተቀባ አይደለም። ብርሃን ላባው ላይ ነጥሮ ሲመለስ የሚፈጠር ነው፤ ማዕዘኑ ከተዛነፈ ይጠፋል። ፀሐይን ከጀርባህ አድርግ። ለእኛ ለሐዋሳ ልጆች ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው። ከተማችን ያለችው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ነው። ጠዋት ሐይቁ ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው ቦታ ቆመህ ወደ ውሃው ስታይ ፀሐይዋ ከኋላህ ናት። ከሰዓት ግን ፊት ለፊት ትመጣብሃለች። እኔ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለውን ጠዋት በምንም አልለውጠውም።

ጥያቄ፦ ሰማያዊና ብርቱካናማ የሆኑትን ሁለቱን ትንንሽ ዓሣ አጥማጅ ወፎች በምን ልለያቸው? ዕድሜ ገፋ፣ ዓይኔም ደከም ብሏል።

አባቴ፣ ከዓይኑ በላይ ያለውን ብቻ ይዩ። ማላካይት የሚባለው ሰማያዊ ቆቡ እስከ ዓይኑ ድረስ ይወርዳል። ፒግሚ የሚባለው ግን በቆቡና በዓይኑ መሃል ብርቱካናማ መስመር አለው፤ ጉንጩም ወደ ሐምራዊ ይወስደዋል። ፒግሚው ከውሃ ርቆ ነፍሳት ሲያድን ሊያገኙት ይችላሉ። ደንገል ላይ ተቀምጦ ውሃው ላይ የሚያፈጠው ብዙውን ጊዜ ማላካይቱ ነው። ባለፈው አንዱን ከቅርብ አየሁት። ዓሣውን አወጣ፣ ግንዱ ላይ ደጋግሞ መታው፣ ከዚያ በጭንቅላቱ በኩል ዋጠው። ምንቃሩ ጥቁር ነበር። አዋቂው ቀይ ነው፤ ጥቁር ሲያዩ ጫጩትነቱን ገና አልጨረሰም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ 300 ሚሊሜትር ሌንስ ይበቃል?

ይበቃል። አትከተላቸው፣ ተቀመጥ። ማላካይቱ እዚያው ደንገል ላይ ተመልሶ ይመጣል። ሹተሩን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) ከ1/1000 ሰከንድ አታዘግየው። አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከፍ ቢል ግድ የለም፤ ከደበዘዘ ፎቶ ትንሽ ነጠብጣብ ያለው ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሾላ ላይ ያየኋት አረንጓዴ በቀቀንስ?

ጥቁር ክንፏ ላቭበርድ ትመስለኛለች። በተፈጥሮ የምትገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ነው። ግንባሩ ቀይ ከሆነ ወንዱ ነው፤ ሴቷ ግንባሯ አረንጓዴ ነው።

ጥያቄ፦ ጎጆ አግኝቻለሁ። የሸፈነውን ቅርንጫፍ ትንሽ ባነሳው ምን አለበት?

እህቴ፣ በፍጹም እንዳትነኪው። ጫጩቶቹ ፀሐይ ይመታቸዋል፤ ቁራም ያያቸዋል። ራቅ ብለሽ ጠብቂ። እናትየዋ ምግብ ይዛ ስትመጣ፣ ከመግባቷ በፊት አጠገቡ ያለ ቅርንጫፍ ላይ አረፍ ትላለች። ያኔ አንሺያት።