ስለ አሜሪካዊው ተወዳዳሪ ዳን ገርኒ፦ ጥያቄና መልስ

«በየትኛውም ዓይነት የውድድር መኪና ላይ ቢቀመጥ የሚያሸንፍ አሜሪካዊ ማን ነበር?» ተብዬ ስጠየቅ «ዳን ገርኒ» ብዬ በአጭሩ በመመለሴ በርካታ ጥያቄዎች ቀርበውልኛል። የምችለውን ያህል እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ማሪዮ አንድሬቲን ትተው ገርኒን የመረጡት ለምንድን ነው? አንድሬቲ እኮ የዓለም ሻምፒዮን ነበር።

መልስ፦ ልክ ነው፤ አንድሬቲ በ1967 የናስካርን ታላቅ ውድድር ዴይቶና 500ን፣ በ1969 የኢንዲካርን ታላቅ ውድድር ኢንዲያናፖሊስ 500ን፣ በ1978 ደግሞ የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮናን አሸንፏል። መለኪያው የዋንጫ ቁጥር ከሆነ አልከራከርም። ሆኖም በፎርሙላ ዋን፣ በናስካር (የመንገድ መኪና መልክ ባላቸው መኪኖች የሚደረግ የአሜሪካ ውድድር)፣ በኢንዲካር (ጎማቸው ባልተሸፈነ ባለ አንድ መቀመጫ መኪኖች የሚደረግ የአሜሪካ ውድድር) እና በስፖርት መኪና፣ በአራቱም ዘርፎች በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ገርኒ ነው። ከዚህም በላይ ካሸነፈባቸው መኪኖች አንዱን የሠራው የራሱ ድርጅት ነበር፤ ለእኔ ሚዛኑን የደፋው ይህ ነው።

ጥያቄ፦ በናስካር ያሸነፈው ስንት ጊዜ ነው?

መልስ፦ አምስት ጊዜ፣ በ1963፣ 1964፣ 1965፣ 1966 እና 1968። አምስቱም ግን በአንድ ቦታ፣ በወጣትነቱ በኖረባት በካሊፎርኒያዋ ሪቨርሳይድ የተገኙ ድሎች መሆናቸውን ሳልናገር ባልፍ አድሏዊ እሆናለሁ። የሪቨርሳይድ መንገድ ወደ ቀኝም ወደ ግራም የሚጠማዘዝ በመሆኑ፣ ሞላላ ሜዳ ላይ ወደ ግራ ብቻ መዞር የለመዱት የናስካር ሰዎች ሲቸገሩበት እሱ እንደ ቤቱ ይነዳበት ነበር።

ጥያቄ፦ ስለ ሰኔ 1967 ብዙ ይወራል። በእርግጥ የሆነው ምንድን ነው?

መልስ፦ በስምንት ቀናት ውስጥ ሁለት ታላላቅ ውድድሮችን፣ በሁለት ፈጽሞ በማይመሳሰሉ መኪኖች አሸነፈ። በመጀመሪያ ሰኔ 10 እና 11 በፈረንሳይ በሚካሄደው የሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ከሌላው አሜሪካዊ ተወዳዳሪ ከኤ.ጄ. ፎይት ጋር እየተፈራረቀ የፎርድ ማርክ 4 መኪናን ነዳ። ገርኒ ቁመቱ 1 ሜትር ከ90 በላይ ስለነበር፣ ጭንቅላቱ እንዳይነካ በመኪናዋ ጣሪያ ላይ እንደ እብጠት ያለ ጉብታ ተሠርቶለታል። ብዙዎች የጠበቁት ሁለቱ እርስ በርስ ሲፎካከሩ መኪናዋን እንደሚሰብሯት ነበር፤ እነሱ ግን ረጋ ብለው ለመንዳትና ፍሬኑን ለመቆጠብ ተስማሙ። ሌሊት ላይ የፌራሪው ማይክ ፓርክስ መብራቱን እያበራና እያጠፋ ከኋላው ሲጠጋበት፣ ገርኒ በእልህ ከመሽቀዳደም ይልቅ ከመንገዱ ዳር ወጥቶ ቆመ። ፓርክስም ከኋላው ቆመ! ጥቂት ከተጠባበቁ በኋላ ፓርክስ ተስፋ ቆርጦ ሄደ። ለእኔ የገርኒ ብልሃት ከየትኛውም ፍጥነቱ ይልቅ በዚህች ቅጽበት ይታያል። አሸናፊዎች መድረክ ላይ ሆነው ሻምፓኝ በሰው ላይ የመርጨታቸው ልማድም የተጀመረው በዚያው ቀን በእሱ ነው።

ሰኔ 18 ደግሞ በቤልጂየሙ ስፓ «ኢግል»፣ ማለትም ንስር፣ በተባለችው ባለ 12 ሲሊንደር የራሱ መኪና ግራንድ ፕሪውን፣ ማለትም የፎርሙላ ዋን ውድድሩን፣ አሸነፈ። ይመራ የነበረው ስኮትላንዳዊው ጂም ክላርክ በሞተሩ ሻማ ብልሽት ወደ ኋላ ሲቀር፣ የጃኪ ስቱዋርት የማርሽ ሳጥን ሲያስቸግር፣ ገርኒ በበኩሉ ከነዳጅ ግፊት መቀነስ ጋር እየታገለ ከአንድ ደቂቃ በላይ ቀድሞ ገባ። ከዚያ በፊት አሜሪካዊ በአሜሪካ መኪና ግራንድ ፕሪ ያሸነፈው በ1921፣ ጂሚ መርፊ በዱሰንበርግ ነበር።

ጥያቄ፦ ይህን ያህል ጎበዝ ከሆነ የዓለም ሻምፒዮን ያልሆነው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ሁልጊዜ ከሠርጉ በፊት ከቤቱ ይወጣ ስለነበር ነው። በ1959 የነዳለትን ፌራሪን ለቆ ሲሄድ፣ ፊል ሂል በ1961 በፌራሪ ሻምፒዮን ሆነ። በ1960 ከነበረበት ቢ.አር.ኤም. ሲወጣ፣ ግራሃም ሂል በ1962 በዚያው ቡድን ዘውዱን ጫነ። በ1962 በፈረንሳይዋ ሩዋን ለፖርሽ ብቸኛውን የግራንድ ፕሪ ድሉን ካስገኘለት በኋላ፣ ፖርሽ ራሱ ከፎርሙላ ዋን ወጣ። ወደ ብራብሃም ሄዶ በ1964 የቡድኑን የመጀመሪያ ድል እንደገና በሩዋን አመጣ፤ የራሱን መኪና ለመሥራት በ1965 መጨረሻ ሲሰናበት ግን ብራብሃም ቀጣዮቹን ሁለት ሻምፒዮናዎች ወሰደ። ኢግልም ውበቷና ፍጥነቷ ሳያንስ ብልሽት የበዛባት ነበረች፤ በ1967 ከተወዳደረባቸው 11 ግራንድ ፕሪዎች እስከ መጨረሻው የደረሰችለት በሁለቱ ብቻ ነው። ባለሙያዎቹ እንደሚሉት መኪናውን እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ድረስ መነካካት ስለሚወድ የጥፋቱ ድርሻ የራሱም ነበር።

ጥያቄ፦ ጂም ክላርክ የሚፈራው እሱን ብቻ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ክላርክ በ1968 ሲሞት፣ አባቱ በቀብሩ ላይ ይህንኑ ለገርኒ እንደነገሩት ገርኒ ራሱ ተናግሯል።

ጥያቄ፦ ኢንዲያናፖሊስ 500ን አሸንፏል?

መልስ፦ አላሸነፈም። በ1968 እና በ1969 ሁለተኛ፣ በ1970 ሦስተኛ ወጣ። በ1968 የቀደመው ቦቢ አንሰር ግን የነዳው ገርኒ የሠራትን ኢግል ስለነበር፣ ሽንፈቱን ሙሉ ሽንፈት ማለት ይከብደኛል።

ጥያቄ፦ በስሙ የሚጠራው የክንፍ ቁራጭ ምንድን ነው?

መልስ፦ በ1971 በሙከራ ላይ መኪናው አልፈጥን ሲል፣ በኋላው ክንፍ ጫፍ ላይ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም ቀጭን የብረት ጠርዝ አስገጠመ። አየሩ ከጠርዙ በስተኋላ ሲጠቀለል ክንፉ መኪናውን ይበልጥ ወደ መሬት ይጫናል። አንሰር ነድቶ ሲመለስ ሰዓቱ አልተሻሻለም፤ ለካ የኋላው ጎማ እጅግ በመያዙ የፊተኛው አልታጠፍ ብሎ ነበር። የፊቱ ሲስተካከል ጥቅሙ ታየ። ተፎካካሪዎች ሲጠይቁ፣ መኪናውን ሲገፉ እጅ እንዳይቆረጥ የተደረገ ነው እየተባለ ተነገራቸው። ዛሬ በሄሊኮፕተር ላይ ሳይቀር ይገኛል።

ጥያቄ፦ ስለ አደጋስ?

መልስ፦ በ1960 በኔዘርላንዱ ዛንድቮርት ፍሬኑ ከድቶት አንድ ተመልካች ሞተ። ከዚያ ወዲህ ከኃይለኛ መታጠፊያ በፊት ፍሬኑን ነካ አድርጎ መሞከርን ልማዱ አደረገ። በ1968ም ፊትን ሙሉ የሚሸፍን ሄልሜት በፎርሙላ ዋን ለመጀመሪያ ጊዜ አጥልቆ የተወዳደረ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ውድድር ካቆመ በኋላ መንዳቱን ተወ?

መልስ፦ በ1970 ተሰናበተ፤ በ1971 ግን ከጋዜጠኛው ብሮክ ዬትስ ጋር ፌራሪ ዴይቶና በተባለች መኪና ከኒውዮርክ ተነሥተው ካሊፎርኒያ ለመድረስ የፈጀባቸው 35 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ነው። ፈቃድ በሌለው በዚያ ሩጫ ምን ያህል እንደፈጠኑ ሲጠየቅ፣ በሰዓት ከ175 ማይል ያለፉበት ጊዜ እንደሌለ አረጋገጠ፤ ይህም 280 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው።