ጦርነትን በፎቶ የሚያየው ዓለም ምን ያያል? ለጎጃም አንባብያን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በቅርቡ ከልዩ ልዩ የጎጃም አካባቢዎች የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት አንድ ጉዳይ ነው፤ ጦርነት በፎቶግራፍ ሲቀርብ የውጭው ዓለም ምን ይረዳል፣ ምንስ ሳያይ ይቀራል የሚል። ስለዚህ የዚህን ወር ዓምድ ለዚሁ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ስለ አምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ስንማር ተማሪዎቼ ፎቶ ማየት ይፈልጋሉ። የማገኛቸው ግን በብዛት ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝ መኮንኖች ጋር የተነሷቸው ናቸው። የጎጃም አርበኞች ፎቶ ለምን አነሰ? ይህስ ዓለም ስለዚያ ጦርነት ያለውን ግምት አላዛባውም? (መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ መምህር፣ ተማሪዎችዎ ልብ ያሉት ነገር ትልቅ ነው፤ የጦርነት ፎቶ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነግረን ካሜራው በማን እጅ እንደነበረ ነውና። ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ አገራችንን ስትወር ሉቼ የተባለው የመንግሥቷ የፊልምና የፎቶ ተቋም ባለሙያዎቹን ከጦሩ ጋር አዝምቶ ነበር። የሌላው ዓለም ጋዜጠኞችም አዲስ አበባ ላይ ተሰባስበው ነበር፤ ነገር ግን ወደ ግንባር መሄድ ለወራት ስላልተፈቀደላቸው ብዙዎቹ ከተማዋ ሳትያዝ ወደየአገራቸው ተመለሱ። ከሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. በኋላ ለዓለም የሚደርሰው ምስል በአመዛኙ ወራሪው የመረጠው ነበር፤ አዲስ የተሠራ መንገድ፣ ድልድይ፣ ለመገበር የተሰለፈ ባላባት። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ በላይ ዘለቀና ሌሎችም በጎጃም ዱርና ገደል ሲዋጉ አብሯቸው የሚዞር ፎቶ አንሺ አልነበረም። ዛሬ የምናውቃቸው ጎፈሬያቸውን አበጥረው፣ ሽልማታቸውን ደርድረው የተነሷቸው የአርበኞች ፎቶዎች አብዛኞቹ ከድል በኋላ የተነሱ ናቸው።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ሲገቡ ግን የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺዎችም በዘመቻው ላይ ነበሩ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ደምበጫ ምሽግ ውስጥ የተነሳውን ፎቶ ለተማሪዎችዎ ቢያሳዩ መልካም ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መሀል ቆመዋል፤ በአንድ ጎናቸው ብርጋዴር ሳንድፎርድ፣ በሌላው ጎናቸው ኮሎኔል ዊንጌት አሉ። ከፎቶው ጋር የሚዞረው መግለጫ ምሽጉ ከተያዘ በኋላ መነሳቱን ይናገራል እንጂ፣ ጣሊያን ወደ ምሽግ ተሰብስቦ እንዲቀመጥ ያደረገው ማን እንደሆነ አይናገርም። ፎቶው አልዋሸም፤ ሦስቱም ሰዎች በቦታው ነበሩ። ይሁንና ይህን ብቻ ያየ የለንደን አንባቢ ኢትዮጵያ በእንግሊዝ መኮንኖች እጅ ነፃ ወጣች ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም፤ አምስት ዓመት ሙሉ የተዋጋው ገበሬ ፎቶው ውስጥ የለምና። ተማሪዎችዎን «ከፎቶ አንሺው ጀርባ ማን ቆሞ ነበር?» ብለው ይጠይቋቸው፤ ከዚያም ከአያቶቻቸው የሰሙትን ቀረርቶና ፉከራ ከፎቶው ጎን አድርገው እንዲጽፉ ያድርጉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ካሜራ ለያዘው ወገን ብቻ ሲያገለግል አይኖርም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ሕዝብ ሲጨፈጨፍ የኢጣሊያ ወታደሮች ራሳቸው ለማስታወሻ ያነሷቸው ፎቶዎች በኋላ የወንጀሉ ማስረጃ ሆነዋል። የመርዝ ጋዙን ጉዳይ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር በዝርዝር ቢናገሩም፣ የኢጣሊያ መንግሥት በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ፎቶ የቬትናምን ጦርነት አስቆመ ሲባል እሰማለሁ። በእርግጥ ፎቶ ጦርነት ያስቆማል? (ተማሪ፣ ከቢቸና)

መልስ፦ አንተ የምትለው ፎቶ እ.ኤ.አ. ሰኔ 8 ቀን 1972 ትራንግ ባንግ በተባለች መንደር አጠገብ የተነሳው፣ ናፓልም የተባለው ተቀጣጣይ ቦምብ ያቃጠላት ሕፃን ራቁቷን እያለቀሰች ስትሮጥ የሚያሳየው ሳይሆን አይቀርም። ያ ፎቶ የብዙ ሰው ልብ ሰብሯል፤ ጦርነቱን ግን አላስቆመም። በተነሳበት ጊዜ አብዛኛው የአሜሪካ እግረኛ ጦር ከቬትናም ወጥቶ ነበር፤ ናፓልሙንም የጣለው የደቡብ ቬትናም አውሮፕላን ነው። ማን እንዳነሳው እንኳ እ.ኤ.አ. በ2025 ብርቱ ክርክር ተነሥቶ፣ ወርልድ ፕሬስ ፎቶ የተባለው ድርጅት የፎቶ አንሺውን ስም ለጊዜው ከፎቶው አንሥቷል፤ የዜና ወኪሉ አሶሺየትድ ፕሬስ ግን አንሺው ኒክ ኡት ነው እንዳለ ነው።

ፎቶ በመንግሥታት ውሳኔ ላይ በግልጽ ሲሠራ ማየት ከፈለግህ ወደ ጎረቤታችን ወደ ሶማሊያ ተመልከት። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1993 ሞቃዲሾ ውስጥ በተደረገ ውጊያ 18 የአሜሪካ ወታደሮች ተገደሉ፤ ካናዳዊው ጋዜጠኛ ፖል ዋትሰን የአንዱ አስከሬን በመንገድ ሲጎተት አነሳ። ፎቶው በአሜሪካ ጋዜጦች በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ጦራቸው እስከ መጋቢት 1994 መጨረሻ ከሶማሊያ እንደሚወጣ አስታወቁ። በዚያው ውጊያ ያለቁት ሶማሌዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ነበሩ፤ የእነሱ አስከሬን የዋሽንግተንን ውሳኔ ያስለወጠ ፎቶ አልሆነም። ጦሩ ወጥቶ ባበቃ በሳምንታት ውስጥ ሩዋንዳ ላይ የዘር ጭፍጨፋ ሲጀመር፣ ኃያላኑ ሌላ ሞቃዲሾ እንዳይገጥማቸው ፈርተው ዳር ቆሙ። ከሩዋንዳም ቢሆን ዓለም በብዛት ያየው ሰዎች በየቤታቸውና በየቤተ ክርስቲያኑ ሲገደሉ የሚያሳይ ምስል አልነበረም፤ ኋላ በሐምሌ ወር ከድንበሩ ማዶ፣ በዛሬዋ ኮንጎ ጎማ በተባለች ከተማ በኮሌራ የሚያልቁ ስደተኞችን ነው። ከእነዚያ ስደተኞች መካከል ገዳዮቹም እንደነበሩበት ከምስሉ ማወቅ የሚችል አልነበረም። ለጋስ ሰው የሚበላና መድኃኒት ላከ፤ የላከው ለማን እንደሆነ ግን አያውቅም ነበር።

የእኛም አገር ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው ካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ ጋር ኮረም ላይ የቀረጸው የረሀብ ዘገባ በቢቢሲ ተላለፈ። እኔ ያንን ሥራ አላቃልልም፤ በእሱ ምክንያት በብዙ አገር ሰው እጁን ዘርግቷል፣ የብዙ ሕፃን ነፍስ ተርፏል። ነገር ግን ብርድ ልብስ ለብሶ በጉም ውስጥ የተቀመጠውን ሕዝብ ያየ ተመልካች የተረዳው ዝናብ እምቢ እንዳለ ነው። በሰሜን የሚካሄደው ጦርነት፣ በጦርነቱ የተዘጋው መንገድ፣ ያልታረሰው መሬት በዚያ ምስል ውስጥ አልታዩም፤ ብዙ ሰውም ያን ረሀብ ጦርነት የሌለበት ድርቅ አድርጎ ነው እስከ ዛሬ የሚያስበው። ከወሎ ተነሥተው ወደ ጎጃም፣ ወደ መተከል ፓዌ እንዲሰፍሩ የተደረጉት ሰዎችማ በዚያ ጊዜ የዓለም ቴሌቪዥን የኮረምን ያህል አልደረሳቸውም። ወላጆችህን ብትጠይቅ ከእነዚያ ሰፋሪዎች ጋር ገበያ የዋለ ሰው አታጣም።

ስለዚህ መልሴ ፎቶ ጦርነት ያስቆማል የሚል አይደለም። ፎቶ ሩቅ ያለ ሰው ለማን እንደሚያዝንና በማን እንደሚፈርድ ይወስናል፤ ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጥይት ያልተናነሰ ኃይል አለው።

ጥያቄ፦ ፎቶ ቤት አለኝ። ደንበኞቼ በስልካቸው የደረሳቸውን የጦርነት ፎቶ እያመጡ «ይህ በእርግጥ እዚህ የሆነ ነው?» ይሉኛል። እንዴት ልለይላቸው? (የፎቶ ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ጥርጣሬያቸው ተገቢ ነው። በፎቶ ማታለል በስልክ ዘመን የመጣ ነገር አይደለም። ሮጀር ፌንተን እ.ኤ.አ. በ1855 በክሬሚያ ጦርነት ያነሳቸው የአንድ ሸለቆ ሁለት ፎቶዎች አሉ፤ በአንዱ የመድፍ አረሮቹ መንገዱ ላይ ተበትነዋል፣ በሌላው መንገዱ ባዶ ነው፤ ስለዚህ አረሮቹን ለፎቶ ሲባል ሰው አስቀምጧቸው ይሆናል የሚል ጥርጣሬ አለ። ሮበርት ካፓ እ.ኤ.አ. በ1936 በስፔን ያነሳው፣ በጥይት ተመትቶ የሚወድቅ ወታደር ፎቶም ተነሳ ከተባለበት ቦታ ብዙ ርቆ እንደተነሳ ከጀርባው የሚታየውን የተራራ መስመር በማነጻጸር ያመለከቱ አጥኚዎች አሉ።

በእኛም አገር እውነተኛ ምስሎችን ጎን ለጎን በማድረግ ብቻ የተሠራ ሥራ አለ። እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. የወሎን ረሀብ ቀርጾ ለዓለም አሳየ፤ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ቀጣጥሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በቴሌቪዥን አሳየውና በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ረሀቡም እውነት ነበር፣ ግብዣውም እውነት ነበር፤ የተመልካቹን ቁጣ ያነሳሳው ግን የቅንብሩ አቀማመጥ ነው።

በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ፣ ከቦታው የሚወጣው ምስል በማነሱ የሌላ አገርና የሌላ ዘመን ፎቶዎች በቦታው ገብተው ይዞሩ ነበር። ይህ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ተጎጂውን ነው፤ አንድ የሐሰት ፎቶ ሲጋለጥ ተቃራኒው ወገን እውነተኛውን አሥሩንም ሐሰት ብሎ ለማጣጣል መንገድ ያገኛል፤ የውጭ ዜና ክፍሎችም ከዚያ አካባቢ የሚመጣውን ሁሉ በጥርጣሬ ማየት ይጀምራሉ።

ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ ፎቶውን በጎግል የምስል ፍለጋ ውስጥ ያስገቡት፤ ከዓመታት በፊት ሶርያ ወይም የመን ላይ የወጣ ከሆነ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይገኛል። ካልተገኘ ዐይንዎን ከተጎጂው ላይ አንሥተው ዳርና ዳሩን ይመልከቱ። የሱቅ ማስታወቂያው ፊደል፣ የመኪናው ታርጋ፣ የቤቱ ክዳን፣ የአዝመራው ደረጃ ይናገራሉ፤ በሐምሌ ተነሳ የተባለ የጎጃም ፎቶ ላይ የደረቀ የጤፍ ክምር ካለ አንድ ነገር ተሳስቷል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩትን በተመለከተ ጣትና ጽሑፍ ማየት ቀድሞ ይረዳ ነበር፤ አሁን አያስተማምንም። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን «ለአንተ ማን ላከው? እሱስ ከማን አገኘው?» ብሎ መጠየቅ ነው። የመጀመሪያው አንሺ ድረስ መድረስ ያልተቻለበትን ፎቶ «አላውቀውም» ብለው ይመልሱ፤ እንዲህ ማለት ለሙያዎ ነውር አይሆንበትም።

ጥያቄ፦ ወንድ ልጄ በሰፈራችን የደረሰውን ጉዳት በስልኩ አንሥቶ ዓለም ይየው ይላል። እኔ ደግሞ የሞተ ሰው ማሳየት ነውር ይመስለኛል፤ ለሱም እፈራለሁ። ምን ይመክሩናል? (እናት፣ ከዳንግላ)

መልስ፦ እናቴ፣ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። በእኛ ባህል አስከሬን ይሸፈናል፤ ለቅሶ ላይ ከፍ ተደርጎ የሚያዘው ፎቶ ሟቹ በሕይወት ሳለ፣ አምሮበት የተነሳው ነው፤ አልቃሿም የምታነሣው ስሙን፣ አባቱንና ሥራውን ነው። ይህ ክብር በሌሎችም ዘንድ የሚታወቅ ነው፤ ለራሳቸው ሰው ሲሆን። የአሜሪካ መንግሥት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወታደሮቹ አስከሬን በመጽሔት እንዲወጣ የፈቀደው ጦርነቱ ውስጥ ከገባ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በመስከረም 1943 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከ1991 እስከ 2009 ደግሞ ወደ ዶቨር የጦር ሰፈር የሚገባ የወታደር ሬሣ ሣጥን ፎቶ እንዳይነሳ ተከልክሎ ነበር። የአፍሪካ ሕፃን ሲሆን ግን ራቁቱንና ያለ ስሙ ማሳየት ያን ያህል አላስጨነቃቸውም። እ.ኤ.አ. በ1993 ኬቨን ካርተር በደቡብ ሱዳን አዮድ ላይ ያነሳውና አሞራ ከኋላ የቆመበት ሕፃን ለዓመታት ሴት ልጅ ተብሎ ሲጻፍ ኖሮ፣ ወንድ እንደነበረ የተናገረው ብዙ ቆይቶ የተገኘው አባቱ ነው። ፎቶው ትልቅ ሽልማት ሲያገኝ ስሙን የጻፈለት አልነበረም። ይህ እኔን ያሳዝነኛል፤ በልጅዎ ፎቶዎች ላይም እንዲደገም አልፈልግም።

ስለዚህ ልጅዎ ያንሣ፤ ነገር ግን ቤተሰብ ሳያስፈቅድ ፊት አያሳይ፣ በሕይወት ያሉትን በተለይ ሕፃናትንና ምስክሮችን ሊለዩ በሚችሉበት ሁኔታ አያውጣ። የፈረሰውን ቤት ከቅርብ ካነሣ በኋላ አንድ ሁለት እርምጃ ርቆ ቦታው የሚታወቅበትን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ወይም ኮረብታውን ያካተተ ሌላ ፎቶ ይጨምር። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቀበሌውን ስምና ያየውን ነገር በወረቀት ይጻፍ፤ የሰማውን ካየው ለይቶ ይጻፍ። ዋናውን ፎቶ አይቁረጠው፣ አያሳምረው። ለሚታመን ሰው በቴሌግራም ሲልክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል አድርጎ ይላክ፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳል፣ መቼና የት እንደተነሳ የሚናገረው መረጃም ይጠፋል። ይኸው መረጃ ግን የእሱንም ቤት ሊጠቁም ስለሚችል፣ በአደባባይ የሚለጥፈው ከሆነ አስቀድሞ ያጥፋው። ዋናውን ቅጂ ከስልኩ ውጪ በሜሞሪ ካርድ አስቀምጦ፣ ካርዱ ያለበትን ቦታ ለእርስዎ ብቻ ይንገርዎ።