ለሥራ ፈተና የተሰጠህ የ1970 ሮድ ራነር

ወንድሜ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የመኪና ጥገና ትምህርት ጨርሰህ አንድ የድሮ መኪና የሚያድስ ጋራዥ ከመቅጠሩ በፊት ለግማሽ ቀን አሠርቶ ሊያይህ ጠርቶሃል። የሚሰጥህ ኮፈኑ ላይ ያለው የአየር መግቢያ አልከፈት ያለ የ1970 ፕሊመዝ ሮድ ራነር ነው። «የተማርኩት በኮምፒውተር በሚመረመር መኪና ነው፤ ምን ይዤ ልቅረብ?» ብለሃል።

ስካነሩን ተወው። ጌጅ (መለኪያ) ያለው የእጅ ቫክዩም (አየር መሳቢያ) ፓምፕ፣ የእጅ ባትሪና የተለያየ መጠን ያላቸው የቱቦ መድፈኛዎች ያዝ። ሊያዩ የሚፈልጉት ዕቃ በመቀያየር ሳይሆን በመለካት መሥራትህን ነው።

መጀመሪያ የያዝከውን መኪና እወቅ። በ1969 ሞዴል መግቢያውን ሹፌሩ በኬብል ይከፍተው ነበር። የ1970ው በዳሽቦርዱ ሥር ባለ ማብሪያ የሚታዘዝ ሲሆን መዝጊያውን የሚያንቀሳቅሰው ጉልበት የሞተሩ ቫክዩም፣ ማለትም ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጠረው የመሳብ ኃይል ነው። የዚያው ዘመን የሼቭሮሌ ሼቬል መኪና ደግሞ ነዳጅ በኃይል ሲረገጥ ራሱ ይከፈታል። ስለዚህ የአንዱን የቱቦ ሥዕል ለሌላው አትጠቀም፤ የዚያኑ ዓመት የፋብሪካ መመሪያ ጠይቃቸው። መጠየቅህ አያስገምትህም።

ሞተሩ ጠፍቶ ጀምር። ከኮፈኑ ሥር ዲያፍራም (በቫክዩም ተስቦ ዘንጉን የሚያንቀሳቅስ ስስ ሽፋን) ካለበት ቆርቆሮ ላይ ቱቦውን ነቅለህ ፓምፕህን አያይዝና ወደ 15 ኢንች ሜርኩሪ (የቫክዩም መለኪያ አሃድ) ሳብ። መርፌው አንድ ደቂቃ ሳይቆይ ከወረደ ዲያፍራሙ ተቀዷል። መርፌው ጸንቶ መዝጊያው ካልተንቀሳቀሰ ችግሩ ከመገጣጠሚያው ነው፦ የደረቀ ግሪስ፣ የተጣመመ ዘንግ፣ ወይም መኪናው እንደገና ሲቀባ ማጠፊያው ላይ የተጋገረ ቀለም። ዘንጉን ከዲያፍራሙ ለይና መዝጊያውን በእጅህ ሞክረው። ዘንጉ እንደተያያዘ በካቻቢቴ ፈልቅቀህ ለመክፈት ግን አትሞክር፤ ዘንጉም ይጣመማል፣ ቀለሙም ይላጣል።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ሞተሩን አስነሳና በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ ጌጁን ማኒፎልዱ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቧንቧ) ላይ አድርግ። ጤነኛና ያልተነካካ ሞተር ከ17 እስከ 21 ኢንች ያሳያል። ትልቅ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍት ዘንግ) የተገጠመለት ከ10 እስከ 12 ብቻ ሊሰጥ ይችላል፤ ያኔ መዝጊያው ቢያዘግም ዲያፍራሙን አትክሰስ። ከማኒፎልዱ 18 ወጥቶ ኮፈኑ ጋ 6 ከደረሰ ቀሪው መንገድ ላይ ጠፍቷል። እየደፈንክ ክፍል በክፍል ለካ፤ መጀመሪያ ማኒፎልዱና ማብሪያው መካከል፣ ከዚያ ከማብሪያው ወዲያ። ኮፈኑ ማጠፊያ ጋ ቱቦው በተከፈተ በተዘጋ ቁጥር ስለሚታጠፍ እዚያ ይሰነጠቃል። ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ የላላ ቱቦም አለ፤ ሞተሩ ሲስበው ይጣበቅና መንገዱን ይዘጋል። ሞተሩ እየሠራ በጣትህ ዳስሰው፤ ሲጨማደድ ይሰማሃል።

ሚኒሞው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የካርቡራተሩን ቪት ከመንካትህ በፊት የአየር ፍሳሹን ጨርስ። ፍሳሽ ለመፈለግ ብለህ ግን በጋለ ማርሚታ አጠገብ ተቀጣጣይ ነገር አትርጭ።

መዝጊያው ተከፍቶም ሥራው አላለቀም። በኮፈኑና በአየር ማጣሪያው መካከል ያለውን ማሸጊያ ጎማ ተመልከት። እሱ ከሌለ ሞተሩ የሚስበው ከኮፈን ሥር ያለውን ትኩስ አየር ነው፤ መግቢያው ተከፈተም ተዘጋም ያን ያህል ለውጥ የለውም። ይህን ሳትጠየቅ ብታነሳ ትልቅ ነጥብ ታገኛለህ።

ከፋብሪካ የወጣውን ዕቃ ሳታስፈቅድ አትቀይር። የተሰበረም ቢሆን ስሙን ጽፈህ በላስቲክ አስቀምጥ፤ ለባለቤቱ ዋጋ አለው። ሪፖርትህን ደግሞ በሦስት መስመር ጻፍ፦ የቀረበው ቅሬታ፣ ያገኘኸው ምክንያት፣ ያደረግከው ጥገና፤ የለካኸውን ቁጥር ጨምርበት።

ኤኤስኢን፣ የአሜሪካን የመካኒኮች የብቃት ምስክር ወረቀት፣ ሳታነሳ አትቅር። ፈተናውን አሁን መውሰድ ትችላለህ፤ የምስክር ወረቀቱ ግን የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ በመደበኛው ሁለት ዓመት ሲሆን ትምህርትህ እስከ አንድ ዓመት ሊተካልህ ይችላል። ለዚህ ሥራ የሚቀርበው ኤ8፣ የሞተር አፈጻጸም የሚባለው ነው። ክፍያው በሠራኸው ሰዓት ይሁን ለየሥራው ዓይነት አስቀድሞ በተተመነ ሰዓት ደግሞ ከመፈረምህ በፊት ጠይቅ። እንዲህ ያለ ፍለጋ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አስቀድሞ ስለማይታወቅ፣ ለጀማሪ በሠራው ሰዓት መከፈሉ ይሻላል።